ከአዲስ አበባ ወደ ግሽ ዓባይ አገር፤ ቤት ፍለጋ የወጣ ቤተ ሰብ ያየው



ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ቤት ነው። ምግብ ዛሬ ቢገኝ ነገ እንደገና ይፈለጋል፤ ልብስም በዓመቱ ያልቃል፤ ቤት ግን አንድ ጊዜ በደኅና የተገኘ እንደሆነ ለልጅና ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ ቤተ ሰብ ያለው ሰው ሁሉ በዕድሜው ውስጥ «የት እንኑር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዛሬው ዘመን ደግሞ በዋናው ከተማ ኑሮ እጅግ ስለ ተወደደ፥ ብዙ ሰው «በአቅማችን ልንኖርበት የምንችለው አገር ወዴት ነው?» እያለ ወደ ክፍለ ሀገር ሲመለከት እናያለን። እኛም ይህንኑ ጠይቀን ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስከ ምዕራብ ጎጃም ድረስ ስለ ሄድን፥ በመንገዱ ያየነውንና በቤት ግዢው የተማርነውን ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም ይሆናል ብለን ቀጥለን እንጽፋለን።

ቤተ ሰባችን ባልና ሚስት፥ ሦስት ልጆችና አንዲት አሮጊት እናት ነው። መተዳደሪያችንም በፍርድ ቤት የመዝገብ ጽሕፈት፥ በቤት ውስጥም የልብስ ስፌት ነው። በአዲስ አበባ በኖርንበት ጊዜ አራት ጊዜ ቤት ለውጠናል፤ ከአራቱም ሦስቱን የለቀቅነው ኪራይ ስለ ተጨመረብን ነበር። ዕቃችን በመኪና በተጫነ ቍጥር ልጆቹ ትምህርት ቤታቸውን ይለውጣሉ፤ የስፌት ደንበኞችም ይጠፋሉ፤ ከጎረቤት ጋር የተጀመረውም ዕድርና ማኅበር ይቋረጣል። ገንዘቡን ብቻ የቈጠረ ሰው ይህን ኪሣራ አያየውም።

ይህ ችግር በእኛ ቤት የተጀመረ አይደለም፤ ረዥም ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ። ያን ጊዜ የቤት ኪራይ በሕግ ዝቅ ተደረገ፤ ከተወረሱትም ቤቶች አነስተኞቹ በቀበሌ ሥር ስለ ሆኑ «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ስም ከዚያ ወዲህ ተለመደ። ዳሩ ግን ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ቤቱ በዚያው ልክ አልበዛም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤት፥ ማለት ኮንዶሚኒየም፥ ይሠራ ጀመር፤ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለዕጣ የተመዘገበውም ሰው በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ነበር። እኛም ከተመዘገቡት መካከል ነበርን፤ በየወሩም እንቈጥብ ነበር፤ ዕጣው ግን አልወጣልንም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ቍጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ ለተከራይ መልካም ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን እኛ ከተማውን የለቀቅነው ዐዋጁ ከመውጣቱ በፊት ነው።

አባታችን ካረፉ በኋላ ይኖሩበት የነበረው ቤት ወራሾቹ ብዙ ስለ ነበርን ተሸጦ ተካፈልነው። እናታችንም ድርሻቸውን ይዘው ወደ እኛ መጡ። የእኛንና የእርሳቸውን ድርሻ፥ ከዕቁብና ከቍጠባው ጋር፥ ብንደምረው በአዲስ አበባ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም እንኳ የሚገዛ አልሆነም። ያን ጊዜ እናታችን፥ «ልጆቼ፥ የአባታችሁ አገር እኮ ጎጃም ነው። ሰው በአገሩ ቤት ያጣል? ሄዳችሁ እዩ እንጂ» አሉን። ገንዘቡ የእርሳቸውም ስለሆነ ያለ እርሳቸው ምርጫ አንወስንም ብለን፥ ልጆቹን ለዘመድ ትተን፥ በመጋቢት ወር 2014 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሦስት ሆነን በአውቶቡስ ተነሣን።

ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው መንገድ ከ380 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሓ ይወርዳል፤ ብርዱ ይቀርና ሙቀት ይተካል። በበረሓው ግርጌ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ድልድይ ይገኛል፤ ርዝመቱ 303 ሜትር ነው፤ የቀድሞውም ድልድይ ከአጠገቡ ይታያል። እናታችን ድልድዩ ላይ ስንደርስ አማተቡና ወንዙን አሻግረው እያዩ ዝም አሉ። ከዚያ እንደገና ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ የጤፍና የስንዴ አገር ነው፤ በመጋቢት አዝመራው ተሰብስቦ ስለ ነበረ ገለባው በየአውድማው ተከምሮ ይታይ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ደምበጫን አልፎ አገሩ ዝቅ ይላል፤ አየሩም ይሞቃል፤ በቈሎና በርበሬ የሚበዛበት ምድር ይጀምራል።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ስሟ ግእዝ ሲሆን «የሰላም መንገድ» ማለት ነው፤ የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበረ፤ የአሁኑን ስም ያወጡላት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ናቸው። ዋናው መንገድ ከተማይቱን መካከል ለመካከል ያልፋል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቁ፥ ባንኩና ሻይ ቤቱ ተደርድሯል፤ ወደ ውስጥ ጥቂት የገቡ እንደሆነ ግን ጸጥ ያለ የቆርቆሮ ቤት፥ የባሕር ዛፍ አጥርና ጓሮ ነው። ሆስፒታል አላት፤ የዞኑም መሥሪያ ቤቶች በእርሷ ስለሆኑ ሥራ ፈላጊ የሚገባባት ከተማ ናት። ልጅ በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። እኛ ከአዲስ አበባ የመጣነው ከሁሉ በፊት ያስደነቀን ይህ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ነገር እንግባ። ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚገዛው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 እንደ ተጻፈው መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። ስለዚህ በከተማ የሚገዛው ቤቱ ነው፤ ከቤቱም ጋር በቦታው የመጠቀም መብት ይተላለፋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ ዐዋጅ ቍጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው የተላለፈ እንደሆነ ወደ ሊዝ ሥሪት እንዲገባ ደነገገ። ሻጩ በነባር ይዞታነት ጥቂት ግብር ይከፍል የነበረ ቢሆንም፥ ገዢው የሊዝ ውል ሊዋዋል ይችላልና ይህን ሳይጠይቅ ዋጋ መቍረጥ አይገባውም።

ስለ ውሉም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በቍጥር 1185 እንደ ተጻፈውም ባለቤትነቱ የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲጻፍ ነው። በመንደር ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ የተጻፈ ወረቀት በሰዎቹ መካከል መተማመንን ያሳያል እንጂ ቤት አያስረክብም። በመዝገብ ቤት ስንሠራ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው መጥተው እያለቀሱ የተመለሱ ብዙ ሰዎች አይተናል፤ አብዛኞቹም ወረቀቱን የተቀበሉት ለመመዝገቢያ የሚከፈለውን ገንዘብ ለማትረፍ ሲሉ ነው።

በፍኖተ ሰላም ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ቤት በብሎኬት የተሠራ፥ ሊሾ የፈሰሰበት፥ ኮርኒስም ያለው መልካም ቤት ነበረ። ዋጋውም ከጠበቅነው ያነሰ ነበር። ካርታውን ስናይ ቤቱ በትዳር ጊዜ የተሠራ ሆኖ አገኘነው፤ የሻጩም ባለቤት በዚያ አልነበሩም። ስለ እርሳቸው ብንጠይቅ ሻጩ፥ «ባለቤቴ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፤ ከእኔ አሳብ ግን አትወጣም» አለን። እኛም፥ «ጌታው፥ አሳባቸውን አንጠራጠርም፤ የምንፈልገው ፊርማቸውን ነው» ብለን መለስን። ደላላው ተቈጥቶ፥ «እናንተ የአዲስ አበባ ሰዎች ወረቀት ታበዛላችሁ፤ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለ። እኛ ግን የባልና የሚስት የጋራ የሆነ ቤት ሁለቱም ካልተስማሙ እንደማይሸጥ በቤተ ሰብ ሕጉ ተደንግጓልና ትተነው ሄድን። በኋላ እንደ ሰማነው ባልና ሚስቱ ተጣልተው ወይዘሮዋ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄዳ ኖሮ፥ የንብረት ክፍያ ክርክር ተጀምሮ ነበር። ቀብድ ሰጥተን ቢሆን ኖሮ በሌላ ሰው ፍቺ መካከል እንገባ ነበር።

ስለ ቀብድም አንድ ነገር እንጨምር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በቍጥር 1883 እና ቀጥሎ ባሉት እንደ ተጻፈው፥ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ያፈረሰ እንደሆነ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ያፈረሰ እንደሆነ ዕጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ቀብድን እንደ ትንሽ ነገር ቈጥሮ በሻይ ቤት ይሰጣል። ሰነዱ ሳይታይ የተሰጠ ቀብድ ግን ለክርክር የሚዳርግ ገንዘብ ነው።

በማግሥቱ ወደ ቡሬ ሄድን። ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ መንገድ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር፥ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ፥ አንዱም እኛ ወደ መጣንበት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ዙሪያዋ በቈሎ፥ ስንዴና በርበሬ የሚያፈራ ለም አገር ነው። የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካው በ2013 ዓ.ም. ተመርቀው ስለ ነበረ፥ ከተማይቱ በሥራ ተስፋ የተሞላች ሆና አገኘናት። የባጃጁ፥ የጭነት መኪናውና የግንበኛው ብዛት ይህን ይመሰክር ነበር። ዳሩ ግን ተስፋው ከቤቱ ዋጋ ውስጥ ገብቷል። ያየነው የጭቃ ቤት ማገሩን ምስጥ የበላው ሆኖ ሳለ ባለቤቱ፥ «ፋብሪካ ቀርቦኛል» ብሎ ከፍኖተ ሰላሙ የብሎኬት ቤት የበለጠ ዋጋ ጠራ። ካርታውንም ብንጠይቅ በብድር ዋስትና በባንክ የተያዘ ነበር። ዕዳው ሳይነሣ ቤቱን መግዛት ዕዳውን አብሮ መግዛት ነውና አመስግነን ወጣን። ለሥራ የሚመጣ ወጣት ቡሬን ቢመርጥ መልካም ነው፤ ለእኛ ቤተ ሰብ ግን ዋጋው አልተስማማም።

ከቡሬ ተነሥተን ወደ ቲሊሊ ሄድን፤ ከቲሊሊም ተገንጥለን ወደ ሰከላ ወረዳ ወደ ግሽ ዓባይ ወጣን። ይህን ያደረግነው ቤት ለማየት ብቻ ሳይሆን እናታችን ጠበሉን ለመጠመቅ ተስለው ስለ ነበር ነው። መንገዱ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ገብስና ድንች፥ ባሕር ዛፍም ይበዛል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ስለሆነ በመጋቢት ፀሓይ እንኳ ጋቢ ያስፈልጋል። በግሽ ተራራ ግርጌ በረግረጉ መስክ ዳር የሚፈልቀው ምንጭ ትንሽ ነው፤ የማያውቅ ሰው ቢያየው ከዚህ ተነሥቶ ግብጽ የሚደርስ ውሃ ነው ብሎ አያምንም። ከዚህ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ዓባይም ከጣና በባሕር ዳር ወጥቶ ጎጃምን ዞሮ፥ እኛ በድልድይ በተሻገርነው በረሓ በኩል ያልፋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፥ በ1770ም ጄምስ ብሩስ ይህን ምንጭ ለማየት መጥተው ጽፈውለታል። የአገሩ ሰው ግን የሚያውቀው በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ታሪክ ነው፤ ጻድቁ በውሃው ውስጥ የተዉአቸውን መጻሕፍት ውሃው ሳያረጥብ እንደ መለሰላቸውና «ግሽ» የሚለው ስም ከዚህ እንደ መጣ አባቶች ይተርካሉ። እናታችንም ስለታቸውን ፈጸሙ።

በግሽ ዓባይ ከተማ አጠገብ አንድ ወጣት ደላላ ቀረበንና፥ «ከከተማው ዳር የገበሬ መሬት አለ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ጎጆ ቀልሰን ቤት እንደ ሸጠላችሁ አድርገን እንዋዋላለን» አለን። መሬቱ በእውነት ያምር ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአጥሩ ዳር ቆመው ይሰሙን ነበርና፥ «እናንተ ልጆች፥ የማን ልጆች ናችሁ?» ብለው ጠየቁን። የአባታችንን አገር ነገርናቸው። እርሳቸውም፥ «እንግዲያስ የእኛው ናችሁ። ይህ ልጅ የሚያሳያችሁ የወንድሜ ልጅ ድርሻ ነው። እርሱ ቢሸጥላችሁ ልጆቹ ነገ ምን ያርሳሉ? እናንተስ ከእነርሱ ጋር ተካስሳችሁ እንዴት ጎረቤት ትሆናላችሁ?» አሉ። ደላላው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው የተናገሩትን ሕጉም ይናገረዋል፤ የገጠር መሬት ይወረሳል፥ በስጦታ ይተላለፋል፥ ለተወሰነ ዘመን ይከራያል፥ ነገር ግን አይሸጥም። እንዲህ ባለ ውል የተገዛ ቦታ ዋጋው ትንሽ የሆነው መብቱ ስለሌለ ነው። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው አስገብተው የጾም እንጀራና ጠላ ሰጡን፤ እኛም ተሰናብተናቸው ተመለስን። ደግሞም ብርዱ ለእናታችን ጉልበት የማይስማማ፥ ሆስፒታሉም ሩቅ ስለሆነ፥ ግሽ ዓባይ የምንሳለመው እንጂ የምንኖርበት እንዳልሆነ ተረዳን።

በመጨረሻ ቤት ያገኘነው በፍኖተ ሰላም ነው። የቤቱ ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ከሞቱ በኋላ አራት ልጆቻቸው ሊሸጡት ፈልገው ነበር። ቤቱ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፥ ቆርቆሮ የለበሰ፥ ሦስት ክፍል ያለው ነው፤ በጓሮው ጌሾ፥ ጥቂት የቡና እግርና አንድ ዘይቱን አለ። ዋጋው በሚስማማን ልክ ሆነ፤ ዳሩ ግን ወዲያው አልገዛንም። አስቀድሞ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃቸውን ከፍርድ ቤት እንዲያወጡ፥ በባሕር ዳር የሚኖረውም ወንድማቸው የውክልና ሥልጣን እንዲሰጥ ጠየቅን። ከማዘጋጃ ቤቱም ካርታውና ይዞታው መመሳሰሉን፥ የግብሩ ደረሰኝ መሟላቱን፥ ዕዳና እግድ አለመኖሩን አረጋገጥን። ይህ ሁሉ ሁለት ወር ያኽል ፈጀ። ደላላው፥ «ቤቱን ይወስዱባችኋል» እያለ ቢያስቸኵለንም ማንም አልወሰደብንም።

ከሰነዱም ሌላ አንድ ሥራ ሠራን፤ ዋጋው ከመቈረጡ በፊት የግራና የቀኝ ጎረቤቶችን ቤት ገብተን ጠየቅን። አንዲት እናት ከአጥሩ በስተኋላ ይዘውን ሄደው፥ «እዩት ልጆቼ፥ በሐምሌ ጎርፉ በዚህ ይገባል፤ ነፍሷን ይማርና እርሷ ቦይ ታስቈፍር ነበር፤ ልጆቿ ግን ትተውታል» ብለው አሳዩን። ይህን በካርታው ላይ የጻፈው የለም። እኛም የቦዩን ማስጠገኛ ከዋጋው እንዲቀነስ ተነጋግረን ወራሾቹ ተስማሙ። ውሉ በግንቦት ወር ተመዘገበ፤ ስሙም ተዛወረ። ምስጥ የነካውን ምሰሶ ለውጠን፥ መሠረቱን በድንጋይ አጠንክረን፥ ሥራችንንም ወደዚያው አዛውረን፥ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ልጆቹን ይዘን ገባን።

የመጀመሪያው ዓመት ኑሮ እንዴት እንደ ነበረ ቢጠይቁን መልካም ነበረ እንላለን። ኪራይ የሚባል ነገር ቀረ። ጤፍ፥ በርበሬና ሽንኵርት ከገበሬው እጅ ስለሚገዛ ከአዲስ አበባ ረከሰልን። ትንሹ ልጃችን በጓሮው ጎመን ተከለ። ነገር ግን ሁሉ ነገር ርካሽ ነው ማለት አይደለም። ክርና መርፌ፥ ሳሙናና መድኀኒት ከሩቅ ተጭኖ ስለሚመጣ ይወደዳል፤ የስፌት ዋጋ ደግሞ በዚያ አገር ያነሰ ነው። ለከባድ ሕመም ባሕር ዳር መሄድ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዘመድ በሞተ ቍጥር ለለቅሶ የሚወጣው የመንገድ ገንዘብም ይቈጠራል። ሁሉንም ስንደምረው ግን ከወር እስከ ወር ሳንበደር የኖርንበት የመጀመሪያው ዓመት ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ማንም በሒሳቡ ያላገባው ነገር መጣ። በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሥቶ፥ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፥ በነሐሴ 7 ቀን፥ በፍልሰታ ጾም፥ በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ፍንዳታ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። ከዚያ ወዲህ መንገድ የተዘጋበት፥ ኢንተርኔት የተቋረጠበት፥ ባንክ ገንዘብ ያልሰጠበት ጊዜ አይተናል። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ቈዩ፥ ትልቋ ልጃችን ትምህርቷ እንዳይቀርባት መንገዱ በተከፈተበት ቀን ወደ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ላክናት። ለአንድ ቤት ብለን ተሰደን መጥተን፥ ቤቱን ካገኘን በኋላ ልጃችን በሌላ ሰው ቤት ማደሯ እስከ ዛሬ ልባችንን ይከብደዋል። በየወሩ ለእርሷ የምንልከው ገንዘብ በቀድሞው ጊዜ ለኪራይ እንከፍለው ከነበረው የማይተናነስ ነው።

በዚያ ክፉ ጊዜ የጠቀመን ምን እንደ ነበረ ደግሞ መናገር ይገባናል። ገበያ በተቋረጠባቸው ሳምንታት፥ ጎርፉን ያሳዩን እናት ሽሮ በሳህን ሸፍነው በአጥሩ በኩል ያቀብሉን ነበር። እኛም የጕድጓድ ውሃ ስላለን ለሦስት ቤት እናቀዳ ነበር። እናታችን በታመሙ ጊዜ መኪና ስላልተገኘ፥ የመንደሩ ጎልማሶች በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱልን። ከእነርሱ መካከል አንዱ ገና በመጀመሪያው ቀን ስለ ቤቱ ወሰን የጠየቅነው ጎረቤት ነው። በአዲስ አበባ አራት ጊዜ ቤት ስንለውጥ እንዲህ ያለ ሰው ለማፍራት ጊዜ አላገኘንም ነበር።

እንግዲህ ወዳጆች ሆይ፥ «ወደ ክፍለ ሀገር ሄደን ቤት እንግዛን?» ብላችሁ የምትጠይቁን እንደሆነ፥ ሂዱ ወይም አትሂዱ ብለን አንመልስም፤ የሁሉ ቤተ ሰብ ጉዳይ አንድ አይደለምና። በእኛ ላይ ከደረሰው የተረዳነውን ብቻ እንናገራለን። የቤት ርካሽነት የሚታወቀው ሻጩ በጠራው ዋጋ አይደለም። በዋጋው ላይ የሰነዱን ጥራት፥ የመንገዱን ሰላም፥ የልጆችን ትምህርትና የሐኪሙን ርቀት ደምሮ የሚያስብ ሰው እውነተኛውን ዋጋ ያገኛል። ከእነዚህም ውስጥ ገዢው በገዛ እጁ ሊያረጋግጠው የሚችለው ሰነዱንና ጎረቤቱን ነው፤ የቀረው ከእርሱ ሥልጣን በላይ ነው። ስለዚህ በእጁ ያለውን እንኳ ሳያረጋግጥ መቅረት አይገባውም።

ስለ አሠራሩ ቢሆን፥ ከተቻለ ቤቱን ከመግዛት በፊት በዚያ ከተማ አንድ ክረምት ተከራይቶ መቈየት መልካም ነው፤ በበጋ የታየ ቤት በክረምት ሌላ ይሆናልና። በሰነዱ ሥራ፥ የሻጩን የትዳር ሁኔታ፥ ከውርስ የመጣ እንደሆነም የወራሾቹን ቍጥር መጠየቅ ያስፈልጋል። ካርታውን በሻጩ እጅ ብቻ ሳይሆን ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ጋር አስተያይቶ ማየት፥ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን ማረጋገጥ፥ ከሊዝ ሥሪት የሚመጣውንም ክፍያ አስቀድሞ ማስላት ይገባል። ውሉንም ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት አስመዝግቦ ስሙ እስኪዛወር ድረስ ከገንዘቡ ጥቂት ማስቀረት ይጠቅማል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ የቤት መሥሪያ ዕቃ ተወድዷልና፥ ለጥገና የሚሆነውን ገንዘብ ከመግዣው ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የአሮጊት እናት ገንዘብ ያለበት ግዢ ከሆነ፥ እናቲቱ ራሳቸው ቤቱን ሳያዩትና «ይሁን» ሳይሉ መዋዋል አይገባም።

እናታችን ዛሬ በበረንዳው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። «ቤቱስ ቤት ሆነ፤ የጐደለችው ልጅቷ ናት» ይላሉ። የፍኖተ ሰላም ስም እንደ ትርጓሜው ሆኖ መንገዱ ለሁሉ ሰው ሰላም የሚሆንበትን ጊዜ እግዚአብሔር ያምጣልን፤ ቤት ለሚፈልግ ሁሉም በአቅሙ የሚገኝ፥ ሰነዱ የጠራ፥ ጎረቤቱም መልካም የሆነ ቤት እንመኝለታለን።